ካሌብ ባሕር የተሻገሩበት ዓመት

በየመን ደቡባዊ ዳርቻ፣ ቢር ዓሊ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ኮረብታ አለ። ከሥሩ በጥንት ዘመን ቀና የምትባል ወደብ ነበረች፤ ዕጣን የጫኑ መርከቦች ይነሡባት ነበር። ዐረቦቹ ኮረብታውን ሑስን አል-ጉራብ ይሉታል። በ1834 ዳርቻውን ሲያጠና የነበረው ፓሊኑረስ የተባለው የእንግሊዞች መርከብ መኮንኖች ኮረብታውን ሲወጡ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸ የሳባ ፊደል አገኙና ገለበጡት።

ጽሑፉን ያስቀረጸው ሱምያፋዕ አሽዋዕ የሚባል የሒምያር መስፍን ነው። ከልጆቹ ጋር ሆኖ ምሽጉን፣ ግንቡንና ወደ አናቱ የሚያወጣውን መንገድ እንዳደሰ ይናገራል። ከሐበሻ ምድር ተመልሶ መምጣቱን፣ ሐበሾች ወደ ሒምያር ጦር መስደዳቸውን፣ የሒምያርን ንጉሥና መሳፍንቱን መግደላቸውንም ጨምሮ ይነግረናል። ይህ የአፄ ካሌብ ዘመቻ ነው። የተገደለው ንጉሥ በእኛ አገር ትውፊት ፊንሐስ፣ በዐረቦች ዘንድ ዙ ኑዋስ፣ በራሱ ዘመን በተቀረጹ ድንጋዮች ላይ ደግሞ ዩሱፍ አስአር ይባላል። የናግራን ክርስቲያኖችን የፈጀው እርሱ ነው።

በድንጋዩ መጨረሻ ላይ ወሩና ዓመቱ ተጽፏል፤ ወሩ ሒለታን፣ ዓመቱ 640።

ሰሪዎቹ ለትውልድ ብለው ያኖሩት ቁጥር ነው፤ ለእነርሱ ምንም ጥያቄ አልነበረበትም። ለእኛ ግን 640 ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከምን ተነሥቶ የተቆጠረ 640 ነው? መነሻውን የሚያውቁት ሰዎች ካለቁ በኋላ ቁጥሩ ብቻ ቀረ፤ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩትም በዚህ ላይ ነው። ክርክሩ እንዴት እንደተፈታ ለማየት መጀመሪያ ካሌብ ባሕር የተሻገሩበትን ዓመት ሌላው ዓለም ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ አብዛኞቹ አጥኚዎች ዘመቻውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ525 ያደርጉታል። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ መነሻውን ሳልጠቅስ ዓመት ስጽፍ ያው የአውሮፓውያኑ ቁጥር ነው፤ አንባቢን ለማግባባት እንጂ ከሌሎቹ የተሻለ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ዓመት በምድር ላይ ከነበሩት ሰዎች 525 ብሎ የጻፈው፣ እስከምናውቀው ድረስ፣ አንድ መነኩሴ ብቻ ነው። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከሮም እንጀምር። የሮም ሰው ዓመትን በቁጥር አይጠራም ነበር፤ በሰው ስም እንጂ። በየዓመቱ ሁለት ቆንስሎች ይሾማሉ፤ ዓመቱም በእነርሱ ስም ይጠራል። 525 የፕሮቡስና የፊሎክሴኑስ ዓመት ነበር፤ አንዱ የምዕራቡ፣ ሌላው የምሥራቁ ሹም። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ሮማውያን ከተማቸው ከተቆረቆረችበት ጀምረው ይቆጥሩ ነበር ይላሉ። በዚያ ስሌት ዓመቱ 1278 ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በ525 አንድ የሮም ነጋዴ ውል ሲዋዋል 1278 ብሎ አይጽፍም። የቆንስሎቹን ስም ነው የሚጽፈው። ልጁ ከሃያ ዓመት በኋላ ውሉን አውጥቶ ስንት ዓመት እንዳለፈው ማወቅ ቢፈልግ የቆንስሎች ስም ዝርዝር ፈልጎ አንድ በአንድ መቁጠር ነበረበት። ዝርዝሩ የጠፋበት ሰው ዘመኑ ጠፋበት ማለት ነው። በ541 ባሲልዮስ የሚባል የመጨረሻው ቆንስል ከተሾመ በኋላ ሌላ ስም ሲታጣ፣ ጸሐፊዎች «ከባሲልዮስ በኋላ ይህን ያህልኛው ዓመት» እያሉ ለመቁጠር ተገደዱ።

ቁስጥንጥንያ ላይ ሁለት ሌሎች ቆጠራዎችም ነበሩ። አንደኛው የንጉሡ ነው። ዮስጢኖስ ቀዳማዊ በሐምሌ 518 ስለነገሠ፣ 525 እስከ ክረምቱ ድረስ 7ኛ ዓመቱ፣ ከዚያ ወዲያ 8ኛ ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ኢንዲክሲዮን የሚሉት የግብር ዙር ነው። መስከረም ላይ ይጀምራል፤ ከአንድ እስከ 15 ይቆጠርና እንደገና ወደ አንድ ይመለሳል። 525 እስከ ነሐሴ ድረስ 3ኛው ኢንዲክሲዮን ነበር። የስንተኛው ዙር 3ኛ እንደሆነ ግን ማንም አይጽፍም፤ ስለዚህ «3ኛው ኢንዲክሲዮን» የሚል ወረቀት ብቻውን ከተገኘ የ510 ወይም የ540ም ሊሆን ይችላል። ግብር ሰብሳቢው የሚፈልገው ያለፈውንና የሚመጣውን ክፍያ ማወቅ ብቻ ስለነበር ለእርሱ ይበቃዋል።

በንጉሥ ዓመት መቁጠር ምን ያህል እንደሚያከስር የሚያሳየው ምስክር በራሳችን ባሕር ዳርቻ፣ በአዱሊስ ነው። ኮስማስ የሚባለው የእስክንድርያ ነጋዴ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲዘጋጁ እርሱ አዱሊስ እንደነበረ በመጽሐፉ ጽፏል። የአዱሊስ ገዥ አስባስ በከተማው መግቢያ ካለው የእብነ በረድ ዙፋንና ከአጠገቡ ከቆመው ድንጋይ ላይ ያለውን የግሪክ ጽሑፍ እንዲገለብጥለት ጠየቀው፤ ኮስማስም ሜናስ ከሚባል ሌላ ነጋዴ ጋር ሆኖ ገለበጠው። ድንጋዩ የግብፁ የሣልሳዊ በጥሊሞስ ነበር። ዙፋኑ ግን የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ ያሸነፋቸውን አገሮች በዝርዝር ይቆጥርና በነገሠ በ27ኛው ዓመት እንዳስቀረጸው ይናገራል። የንጉሡ ስም በተረፈው ጽሑፍ ውስጥ የለም። ያ ዙፋን ዛሬ የለም፤ ከኮስማስ ግልባጭ በቀር ሌላ ምስክር የለንም። ከአክሱም ጥንታዊ ጽሑፎች ሁሉ ታላቅ ከሚባሉት አንዱን ይዘን «27ኛው ዓመት» ላይ ቆመናል፤ ማን እንደሆነ ስለማናውቅ ከየትኛው ዓመት እንደምንነሣም አናውቅም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ኮስማስ ራሱም ቢሆን የመጣበትን ጊዜ ሲናገር ዓመት አልጻፈም። በዮስጢኖስ ንግሥ መጀመሪያ አካባቢ፣ ከዛሬ 25 ዓመት ገደማ በፊት ይላል። የካሌብ ሳንቲሞችም አይረዱንም፤ የእርሳቸውንና የአባታቸውን የታዜናን ስም ይዘዋል፣ ዓመት ግን የላቸውም። ከአክሱም ሳንቲሞች ዓመት የተጻፈበት አንድም የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው የሶርያ ሰዎች ቆጠራ ነው። የእስክንድር የጦር አለቃ የነበረው ሴሌውቆስ ባቢሎንን መልሶ ከያዘበት ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ312 ጀምሮ ይቆጠራል። እርሱ ሲሞት ልጁ ቆጠራውን ከአንድ አልጀመረም፤ ከአባቱ ቀጠለ። የልጅ ልጁም ቀጠለ። ሥርወ መንግሥቱ ጠፍቶ ሮማውያን ሲመጡም ቆጠራው አልቆመም። ለእኔ በዘመን ቆጠራ ታሪክ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ንጉሥ በሞተ ቁጥር ዘመን እንደ አዲስ መጀመሩ ቀረ። ከሴሌውቆስ ስምንት መቶ ዓመት በኋላ የኤዴሳ ክርስቲያኖች «የግሪኮች ዓመት» ወይም «የእስክንድር ዓመት» እያሉ ይጽፉበት ነበር። 525 ለእነርሱ እስከ መስከረም መጨረሻ 836፣ ከጥቅምት ጀምሮ 837 ነው። በ836 የዳይሳን ወንዝ ሞልቶ ኤዴሳን አጥለቅልቋታል፤ የከተማይቱ ዜና መዋዕል ይህን መዝግቦታል።

አይሁድም በዚሁ ቆጠራ ይጽፉ ነበር። ዛሬ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጥሩት መሠረት ዓመቱ 4285 ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ለውልና ለጋብቻ ጽሑፍ የሚጠቀሙት ግን የሴሌውቆስን ነበር። የየመን አይሁድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ አልተዉትም።

ሩቅ ምሥራቅን በአጭሩ ልለፈው። ቻይና ያን ጊዜ ሁለት ነገሥታት ነበሯት። ደቡቡን ለያዘው ለሊያንግ ሥርወ መንግሥት ዓመቱ ፑቶንግ 6 ነው። ሰሜኑን የያዘው ዌይ ግን ዓመቱን ዠንግጓንግ 6 ብሎ ጀምሮት በመካከሉ ስያሜውን ቀየረና ሢያውቻንግ 1 አለው። ሁለቱን ጠላቶች የሚያስማማቸው የስድሳ ዓመት ዙር ነበር፤ በዚያ ዓመቱ ዪሲ፣ የእባብ ዓመት ነው። ከ525 እስከ 2025 ድረስ 1,500 ዓመት፣ ማለትም 25 ሙሉ ዙር ስላለ፣ 2025ም በቻይናውያን ዘንድ ያንኑ ስም ይዟል።

አሁን ወደ ሒምያር ድንጋዮች እንመለስ። የሒምያር ዘመን መነሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት 115 ነው የሚሉ ነበሩ፤ 110 ነው የሚሉም አሉ። አምስት ዓመት ትንሽ ይመስላል። ግን በ115 ብናሰላ የምሽጉ 640 ከ525 ጋር ይገጥማል፤ ከዘመቻው ማግስት የተጻፈ ይሆናል። ይህ መግጠም ለረጅም ጊዜ ብዙዎችን አሳምኗል። በ110 ካሰላነው ግን ድንጋዩ ወደ 531 መጀመሪያ ይወርዳል።

ፍርዱን የሰጠው ሌላ ድንጋይ ነው። በ1951 እና 1952 ፊልቢ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ከቤልጅግ ሊቃውንት ጋር በሳዑዲ ዐረቢያ ሲዘዋወር፣ ከናግራን በስተ ሰሜን በሒማ የውኃ ጉድጓዶች አካባቢ ረጃጅም ጽሑፎች አገኙ። ያስቀረጻቸው የንጉሥ ዩሱፍ አስአር የጦር አለቃ ነው። ንጉሡ በሒምያር ዋና ከተማ በዛፋር ቤተ ክርስቲያን እንዳቃጠለ፣ ሐበሾችን እንደገደለ፣ ጦሩ የናግራንን መንገድ እንደዘጋ ይተርካሉ፤ ዓመቱ 633፣ ወሩም በእኛ ክረምት ላይ የሚውል ነው። በ115 ስሌት ይህ 518፣ በ110 ስሌት 523 ነው።

ከእነዚህ የትኛው? መልሱ ከሶርያ መጣ። ስምዖን ዘቤት አርሻም የሚባለው ኤጲስ ቆጶስ፣ ከሮም ንጉሥ መልእክተኛ ጋር ሆኖ ወደ ሒራው ንጉሥ ወደ ሙንዚር ሲጓዝ በምድረ በዳ ሰፈር ላይ የሒምያር ንጉሥ መልእክተኛን እዚያው አገኙት። መልእክተኛው ያመጣው ደብዳቤ የዛፋር ቤተ ክርስቲያን መቃጠሉንና የናግራን ክርስቲያኖች መፈጀታቸውን በኩራት የሚያበሥር ነበር። ስምዖን የሰማውን በሐዘን ጽፎ ለወገኖቹ ላከ፤ ጉዞ የጀመሩበትንም ቀን አስቀመጠ። ጥር 20፣ በእስክንድር 835 ዓመት። የሶርያ ቆጠራ መነሻው የታወቀ ስለሆነ ይህ ያለ ክርክር ጥር 524 ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሒማው ድንጋይ የ523 ክረምት ከሆነ፣ የዛፋር ቃጠሎና የናግራን መከበብ በዚያ ዓመት ሆነ፤ ፍጅቱ በመጸው ተፈጸመ፤ ዜናው በጥር 524 ለሙንዚር ደረሰ። የ518 ከሆነ ግን አንድ ንጉሥ ከአምስት ዓመት በፊት የሠራውን ሥራ እንደ ትኩስ ዜና በመልእክተኛ ልኮ ሊያበሥር ነው። ይህ አይመስልም። ዛሬ አብዛኞቹ አጥኚዎች 110ን የተቀበሉት በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው፤ የቀናው ምሽግ ጽሑፍም ከዘመቻው ጥቂት ዓመታት በኋላ የተጻፈ ሆኖ ተስተካከለ። ኋላ የመንን በገዛው በአብርሃ ዘመን የማሪብ ግድብ ሲታደስ የተቀረጸው 658ም እንዲሁ 548 ሆኖ ቦታውን ያዘ። የሒምያር ቁጥር በሶርያ ቁጥር ተፈታ። ሁለት ሕዝቦች አንዱን መከራ በየራሳቸው ቆጠራ ባይመዘግቡት ኖሮ 640 እስከ ዛሬ ድፍን ሆኖ ይቀር ነበር።

525 ብሎ የጻፈው መነኩሴ ዲዮናስዮስ ይባላል፤ ራሱን ትሑት አድርጎ «ታናሹ» ይል ነበር፤ በሮም ይኖር ነበር። ሥራው የፋሲካን ቀን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። በእጁ የነበረው የእስክንድርያ ሰንጠረዥ ዓመታትን የሚቆጥረው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ሲሆን፣ በ247 ያልቅ ነበር። 525 በዚያ ቆጠራ 241 ነው። ዲዮናስዮስ ግን አዲሱን ሰንጠረዥ 248 ብሎ መጀመር አልፈለገም። ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ስም በትንሣኤ ሰንጠረዥ ላይ እንዲዘከር አልፈቀደም። ከጌታችን ሥጋዌ ጀምሮ መቁጠርን መረጠና 532 ብሎ ጀመረው። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ግብፃውያን ክርስቲያኖች በተራቸው ሌላ መንገድ ሄዱ፤ ቆጠራውን እንዳለ ይዘው ኋላ ዓመተ ሰማዕታት አሉት። የእኛም ባሕረ ሐሳብ ያንኑ ዓመተ ሰማዕታት ያውቀዋል፤ ከዓመተ ምሕረት 276 ሲቀነስ ይገኛል።

ከሥጋዌ መቁጠር ላይ እስክንድርያ ቀድማ ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንያኖስ የሚባል መነኩሴ ከፍጥረት እስከ ሥጋዌ 5500 ዓመት ሙሉ አድርጎ አስልቷል። የእኛ ዓመተ ዓለም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዲዮናስዮስ 525 ያለው ዓመት በእኛ እስከ ጳጉሜን ድረስ 517 ነው፤ በዓመተ ዓለም 6017። ብዙ ሰው ስምንቱን ዓመት ልዩነት ሲሰማ ከሁለቱ አንዱ የተሳሳተ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁለቱ ቆጠራዎች የት ላይ እንደሚስማሙ ማየት ይበልጥ ያስደስተኛል።

ዲዮናስዮስ ዓመቱ በጨረቃ 19 ዓመት ዙር ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ የሚሰጠው መመሪያ ይህ ነው፦ 525 ላይ አንድ ጨምር፣ 526 ይሆናል፤ ለ19 ግደፍ፣ ማለትም አካፍል፤ 13 ይቀራል። በዲዮቅልጥያኖስ 241ን ለ19 ብናካፍል የሚቀረው 13 ነው። በእኛ 6017ን ለ19 ብንገድፍ 316 ደርሶ 13 ይቀራል። ሦስቱም የዘመን መነሻ የተለያዩ ናቸው፤ ቀሪው ግን አንድ ነው፤ ሦስቱም ከአንድ የእስክንድርያ ምንጭ የተቀዱ ናቸውና። የጨረቃዋ ዕድሜ ከሰው የዘመን ስም ጋር አይቀየርም።

እንግዲህ ሊቃውንቱ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት እስከ መጨረሻው እናስላው። ከ13 አንዱን ስንተው ወንበር 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 ብናባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ብናባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸው ስሌቱ መቃናቱን ያሳያል። ዕለቱን ለማግኘት 6017 ላይ ሩቡን 1504 ጨምረን 7521፣ በ7 ስንገድፍ 3 ይቀራል። ሦስት ሲቀር ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ የ517 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፤ ዘመኑም ማቴዎስ ነበር። መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም ላይ ይውላል፤ መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ 18 እና 7 ተደምረው 25፣ መባጃ ሐመር ይሆናሉ፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 34፤ 30ው ሲገደፍ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይሆናል። ያ ቀን በሮማውያኑ ወር መጋቢት 30 ነው፤ የእስክንድርያን ሥርዓት በተከተለው በዲዮናስዮስ ስሌትም የ525 ፋሲካ የዋለው በዚሁ ቀን ነው።

ትንሣኤ ከታወቀ በዓለ ሃምሳም ይታወቃል። ይህ ለካሌብ ታሪክ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም በግሪክ የተጻፈው የቅዱስ ኂሩትና የናግራን ሰማዕታት ገድል ስለ ዘመቻው መነሻ ሲናገር የሚጠቅሰው ጰራቅሊጦስን ነው። መርከቦቹ በአዱሊስ ወደብ በገበዛ ተሰብስበው ነበር፤ ሠራዊቱ ጉዞውን የጀመረው ከበዓሉ በኋላ ነው። የእኛ ስንክሳር የናግራን ሰማዕታትን ኅዳር 26፣ ቅዱስ ካሌብን ግንቦት 20 ያስባቸዋል፤ ቀን ይሰጠናል እንጂ ዓመት አይሰጠንም። የሒምያር ድንጋይ ደግሞ ዓመት ይሰጠናል፤ የዘመቻውን ቀን ግን አይሰጠንም። ዘመቻው በ525 ከሆነ፣ ከሚያዝያ 4 ትንሣኤ ተነሥተን 49 ቀን ስንቆጥር ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ቀን 517 ዓመተ ምሕረት እሑድ ላይ ይውላል፤ የካሌብ ሠራዊት ባሕሩን የተሻገረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።